የዌብ ፍተሻ አውቶሜሽን፦ የፍሬምወርክ ምርጫና ሽግግር

የፍተሻ አውቶሜሽን ፍሬምወርክ ሰው ብራውዘር ከፍቶ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ በተን ተጭኖ የሚያደርገውን ፍተሻ በኮድ የሚያሠራ መሣሪያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉ ታሪክ በአመዛኙ የሰሌኒየም ታሪክ ነው። በ2004 ጄሰን ሃጊንስ ቶትወርክስ በተባለ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ሲሠራ፣ ያንኑ ፍተሻ በእጅ መደጋገሙ ሰልችቶት በጃቫስክሪፕት ጻፈው። በጊዜው በሚሸጡ የፍተሻ መሣሪያዎች የታወቀው ድርጅት መርኩሪ ይባል ነበር። ሰሌኒየም የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ የመርኩሪ መርዝ ማርከሻ ነው ይባላል። ስሙም የመጣው ከዚሁ ቀልድ ነው። የመጀመሪያው ሰሌኒየም የሚሠራው ገጹ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የብራውዘር የደኅንነት ገደቦች ያስሩት ነበር። ሳይመን ስቱዋርት የጀመረው ዌብድራይቨር ግን ብራውዘሩን ከውጭ ሆኖ ያዝዘዋል። ሁለቱ ፕሮጀክቶች በ2009 ለመዋሐድ ተስማሙ፤ በ2011 ሰሌኒየም 2 ወጣ። በ2018 ዌብድራይቨር የዌብ መስፈርቶችን የሚያወጣው የደብሊውስሪሲ (W3C) ይፋዊ መስፈርት ሆነ። በነጻ የተሠራ መሣሪያ እዚህ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። የሞባይል መተግበሪያዎች መፈተሻው አፒየምም በዚሁ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ይሠራል፤ ሰሌኒየም የሚያውቅ ሰው እዚያ ባዳ አይሆንም።

ከሰሌኒየም ሌላ ፍሬምወርክ የሆነው ሳይፕረስ በ2017 ስሪት 1.0 ላይ ደረሰ። ሌላው፣ የማይክሮሶፍቱ ፕሌይራይት፣ በ2020 መጣ።

ምርጫውን የሚወስነው የቡድኑ ቋንቋና የሚፈተሸው ሶፍትዌር ነው። በሩቢ ቋንቋ የሚጽፍ ቡድን ሰሌኒየምን ቢይዝ ይሻለዋል። ፍተሻው በሁለት ታብ መካከል የሚመላለስ ከሆነ ሳይፕረስ ይከብዳል። ፕሌይራይት ክሮሚየምን፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን ይነዳል፤ ዌብኪት ግን የሳፋሪ ብራውዘር ሞተር እንጂ ራሱ ሳፋሪ አይደለም። ፕሌይራይት ይፈጥናል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እንደ አጠቃቀሙ ሊሆን ይችላል። ሰሌኒየም «ይንቀራፈፋል» የሚለው ወቀሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለቦታው የገባ ነው።

አንዳንዱ ሽግግር ግዴታ ነው። የአንጉላር (የዌብ መተግበሪያ መሥሪያ) ቡድን የሠራው የፍተሻ ፍሬምወርክ ፕሮትራክተር በ2023 ድጋፉ ሲቋረጥ ተጠቃሚዎቹ ሌላ ከመፈለግ በቀር አማራጭ አልነበራቸውም።

ሽግግር የሚበላሸው ኮዱ መስመር በመስመር ሲገለበጥ ነው። የመግቢያ ገጽን ፍተሻ እንውሰድ። የድሮው ኮድ «ግባ» የሚለውን በተን ይጫንና 5 ሰከንድ ይተኛል፤ ማለትም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሰርቨሩ በተጨናነቀ ቀን ገጹ በ6ኛው ሰከንድ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ደህና ሆኖ ሳለ ፍተሻው ይወድቃል። አንዱ ይመጣና እንቅልፉን 10 ያደርገዋል። 300 ፍተሻዎች በተራ እንዲህ 10 ሰከንድ ከተኙ፣ 50 ደቂቃ በእንቅልፍ ብቻ አለቀ። ፕሌይራይት በተኑ እስኪታይ፣ መንቀሳቀሱን እስኪያቆምና ለመጫን እስኪመች ራሱ ይጠብቃል። እንቅልፉ አብሮ ከተገለበጠ ግን አዲስ ቤት ከነትኋኑ መግባት ነው። ሰሌኒየምም «ይህ እስኪታይ ጠብቅ» የሚያሰኝ ትእዛዝ ከድሮ ጀምሮ አለው። ሳይጠቀሙበት የቀሩት ጸሐፊዎቹ ናቸው።

የየገጹን በተንና ሳጥን አድራሻ በአንድ ክላስ (የኮድ ክፍል) የሰበሰበ ቡድን እፎይ ይላል፤ ብዙውን የሚቀይረው እዚያው ነው። ረጃጅም ኤክስፓዝ (በገጹ ውስጥ ያለ ነገር የሚገኝበት አድራሻ) በየፍተሻው የበተነ ግን ፋይል በፋይል ሲለቅም ይከርማል። አዲስ ፍተሻ በአዲሱ ይጻፋል፤ የድሮው እስኪያልቅ ጎን ለጎን ይሮጣል። ቀድመው የሚዛወሩት መግቢያና ክፍያን የመሳሰሉት ናቸው። ወድቆ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፍተሻ አይዛወርም፤ ይሰረዛል።