በገንዘብ ችግር የሚመጣ ጭንቀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደመወዝ በወሩ አጋማሽ ያልቃል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ አበዳሪ ይደውላል። በዚህ መሃል የሚመጣ ጭንቀት ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ ስለ እሱ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች ደግሞ ዕዳውንም ሕመሙንም ያባብሳሉ።

«ገንዘቡ ሲገኝ ጭንቀቱ ይጠፋል፤ እስከዚያ መቻል ነው»

ጭንቀት ገንዘብ እስኪመጣ አርፎ አይቀመጥም። በ2013 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ፣ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ምርት ከመሰብሰባቸው በፊት እና ከሰበሰቡ በኋላ ፈትኗል። እነዚያው ገበሬዎች እጃቸው ባጠረበት ወቅት በማሰብ ፈተናው ያገኙት ውጤት በአማካይ ዝቅ ያለ ነበር። አእምሮ በአንድ ቀዳዳ ሲጠመድ ሌላውን ለማየት አቅም ያጥረዋል። ሰው በጣም የተጨነቀ ዕለት በጣም መጥፎ ብድር የሚፈርመውም አንዱ ለዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሐሳቡን ከጭንቅላት ወደ ወረቀት ማውረድ ነው። አንድ ደብተር ይያዙና ገጹን በአራት ይክፈሉት፦ ለማን፣ ስንት፣ መቼ፣ ባይከፈል ምን ይከተላል። ብዙ ሰው ሦስቱን ይጽፍና አራተኛውን ይተወዋል፤ ወሳኙ ግን እሱ ነው። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ገንዘቡ ደጋግሞ ለሚደውለው ወይም ለሚቆጣው ሰው ይሄዳል፤ ዝም ያለው አከራይ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ቤት ልቀቁ ይላል። ጤናማው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ አስቀድሞ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ኪራይ እና ወደ ሥራ መሄጃ ትራንስፖርት፤ ቀጥሎ ወለዱ የሚያድግ ዕዳ፤ ከዚያ ያለ ወለድ ያበደረ ዘመድ ወይም ጓደኛ። ዘመድ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ግን ሳይነገረው መሆን የለበትም።

ይህን ሥራ ሌሊት አይሥሩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚሠራ ሒሳብ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ይመስላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ 20 ደቂቃ ይመድቡ፣ ደብተሩን ይዝጉ፤ አልጋ ላይ ሐሳቡ ሲመጣ «ነገ 1 ሰዓት» ብሎ ማስተላለፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚለመድ ነገር ነው። ልብ በኃይል ከመታ ለአራት ሴኮንድ አየር ማስገባት፣ ለስድስት ሴኮንድ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ይህንኑ ለአምስት ደቂቃ መደጋገም ይረዳል።

«ገበናን ለሰው መንገር ውርደት ነው»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለዕዳም ይሠራል። መጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው የትዳር አጋር ነው። ዕዳውን የማታውቅ ሚስት ወይም የማያውቅ ባል ወጪውን እንደ ድሮው ይቀጥላል፤ ችግሩ የተሰማ ቀን ደግሞ ከዕዳው ይልቅ መደበቁ ያጣላል። አዋቂ ልጆች ካሉ ዝርዝሩ ሳይሆን «በዚህ ዓመት እናጠብቃለን» የሚለው ይበቃቸዋል።

ቀጥሎ አበዳሪው ነው። የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከአንድ ሳምንት በፊት ይደውሉ፤ ሁለቱ ንግግሮች የሚያመጡት ውጤት ፈጽሞ አይገናኝም። «ትንሽ ታገሡኝ» ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። «በዚህ ወር 1,500፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 2,500 ብር በየወሩ በ5ኛው ቀን» ማለት ግን ዕቅድ ነው። በእርግጥ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይናገሩ፤ ሁለተኛ ጊዜ የፈረሰ ቃል ሦስተኛ አይሰማም። የከፈሉትን ሁሉ በባንክ ወይም በቴሌብር ያድርጉት፣ ማስረጃውም ይቀመጥ። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት ዕዳውን በማመን ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ይናገራል፤ ጽሑፉ ለሁለቱም ወገን ጥበቃ ነው።

አሠሪም ካበደረ ከደመወዝ የሚቆርጠው እንደ ፈቀደ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። 9,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ ጣሪያው 3,000 ነው።

«ብድርን በብድር ከፍሎ ጊዜ መግዛት ይሻላል»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ቤቱን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነውና። አራጣ አበዳሪ «በወር አሥር በመቶ» ሲል ትንሽ ይመስላል። 20,000 ብር ቢወስዱ በየወሩ 2,000 ብር ወለድ ይከፍላሉ፤ በዓመቱ 24,000 ብር ከፍለው ዋናው 20,000 እንዳለ ይጠብቅዎታል። ይህ በዓመት 120 በመቶ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 ደግሞ ተበዳሪና አበዳሪ ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት 12 በመቶ ላይ ይገድባል፤ የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል።

ታዲያ አበዳሪው ለምን አይፈራም? ወረቀቱ ላይ ወለድ ስለማይጻፍ ነው። ዋናውና ወለዱ ተደምሮ «ተበደርኩ» ተብሎ ይፈረማል፣ ወይም ቀንና መጠን ያልተሞላበት ቼክ ይወሰዳል፣ ወይም የቤት ሽያጭ ውል ለዋስትና ተብሎ ይፈረማል። ቼኩ በጣም አደገኛው ነው፦ በቂ ገንዘብ እንደሌለ እያወቁ ቼክ ማውጣት ራሱ በአንቀጽ 693 ወንጀል ስለሆነ፣ የገንዘብ ክርክር የነበረው ጉዳይ የእስራት ስጋት ይሆናል። ያልተሞላ ቼክ ላይ አይፈርሙ። ፈርመው ከሆነም ቀኑ ሳይደርስ ጠበቃ ያማክሩ።

ፈቃድ ባላቸው ተቋማት በኩል በስልክ የሚሰጡ አጫጭር ብድሮች ሕጋዊ ናቸው፤ ዋጋቸውን ግን በዓመት እያሰቡ ያወዳድሩ። ለምሳሌ ለ5,000 ብር የአንድ ወር ብድር 300 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢጠየቅ፣ ይህ በወር 6፣ በዓመት 72 በመቶ ማለት ነው። ደመወዝ በሁለት ቀን ለዘገየበት ሰው ሊያግዝ ይችላል፤ በየወሩ እሱን ከፍሎ መልሶ ለሚወስድ ግን ዕዳው ቋሚ ወጪ ሆኗል።

«ዕቁብ ቁጠባ ነው፤ አያስጨንቅም»

መጨረሻ ለሚደርሰው ቁጠባ ነው። መጀመሪያ ለደረሰው ብድር ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 3,000 ብር ቢጥሉ የመጀመሪያው ባለ ዕጣ 60,000 ብር ይወስዳል፤ ከዚያ 19 ወር ሙሉ 57,000 ብር ይመልሳል። ጭንቀቱ የሚጀምረው ገንዘቡ ለሠርግ ወይም ለበዓል ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያልከፈለ ዕለት ዋሱ ይጠየቃል፣ ዘመድነቱም ይሻክራል። ዕጣው ከመድረሱ በፊት መዋጮው ከከበደ ገና ብዙ ነገር አልተበላሸም፦ ለዳኛውና ለጸሐፊው ቶሎ ይንገሩ፣ ቦታዎን የሚረከብ ሰው ያፈላልጉ። ለዕቁብ ተብሎ መበደር ግን ትርጉም የለውም።

«ስላልጎበዝኩ ነው እዚህ የደረስኩት»

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ደመወዙ ባለበት የቆመ ሠራተኛ ዘይትና መድኃኒት ሲወደድ የኑሮው መጥበብ የስንፍናው ምልክት አይደለም። ራስን መውቀስ ጉልበት ይጨርሳል። በእጅ ያለውን መለየት ይሻላል፦ የዶላሩ ዋጋ በእጅዎ የለም፤ የመስከረም ወጪ ግን አለ። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ አዲስ ዓመትና መስቀል በአንድ ላይ መምጣታቸው የታወቀ ነው። ድምሩ 12,000 ብር ከሆነ ከጥቅምት ጀምሮ በወር 1,200 ብር በተለየ ሒሳብ ማስቀመጥ በአሥር ወር ይሞላዋል።

«ውጭ አገር ያለ ሰው ገንዘብ አያጣም»

በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለጉዞዋ የተበደረችውን እየከፈለች ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ «ቸግሮናል» ከማለት በወር የተወሰነ መጠን ተስማምቶ በዚያ መኖር ለእሷም ለቤተሰቡም ዕረፍት ነው።

«አንድ ሁለት ቢጠጣ፣ ትንሽ ቢቃም ይቀላል»

አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን ይሰብረዋል። ጫት እንቅልፍ ያባርራል፣ በማግስቱም ድብርት ያመጣል። የቡና ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስላለ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው የማታውን ጀበና ይተው። በቀን 150 ብር ለመጠጥ ወይም ለጫት ማለት በወር 4,500 ብር ነው፤ ደብተሩ ላይ ካሉት አንዳንድ ዕዳዎች ይበልጣል።

«ጸሎት እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል? ሐኪም ለዕብድ ነው»

ጸሎት፣ ጸበልና የንስሐ አባት ምክር ለብዙዎቻችን እውነተኛ ብርታት ናቸው። ከሐኪም ጋር አይጋጩም። እንቅልፍና ምግብ ለሁለት ሳምንት ከተዛባ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ፣ ድሮ የሚያስደስተው ሁሉ ከጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ጊዜው ነው። «እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ከመጣ አንድ ቀንም አይጠበቅም፦ ሰውየው ብቻውን አይደር፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ ይራቅ፣ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይወሰድ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ ሕክምና ይሰጣል።

ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ጨጓራዬን፣ ራሴን ያመኛል» ብቻ ብለው አይመለሱ፤ ማስታገሻ ተጽፎልዎት ዋናው ነገር ሳይታይ ይቀራል። ስንት ሌሊት እንዳልተኙ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ዕዳ እንዳለብዎትና ምን ምን ሐሳብ እንደሚመጣብዎት ይንገሩት። አፍ ከተያዘ በደብተሩ ጽፈው ገጹን ይስጡት።