ቬስታ፦ በተሳሳተ መላምት የተገኘች አስትሮይድ

ቬስታ በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ፀሐይን የምትዞር፣ አማካይ ስፋቷ 525 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዐለታማ አካል ናት። ከቀበቶው በክብደት የምትበልጣት ሴሬስ ብቻ ናት። በድምቀት ግን ሴሬስንም ትበልጣለች፤ ወደ ምድር በደንብ በምትቀርብበት ወቅት፣ በጣም ጨለማ በሆነ ሰማይ ላይ ቦታዋን የሚያውቅ ሰው ያለ ቴሌስኮፕ ሊያያት ይችላል።

ያገኛት ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ኦልበርስ ነው። ኦልበርስ ሐኪም ነበር፤ ሰማይን የሚመለከተው ማታ ማታ፣ በብሬመን ከተማ ከመኖሪያ ቤቱ ላይኛው ፎቅ ሆኖ ነው። ሴሬስ በ1801 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጁሴፔ ፒያዚ ተገኘች፤ በማግስቱ ዓመት ኦልበርስ ራሱ ፓላስን አገኘ። ባንድ ፕላኔት ቦታ ሁለት ትንንሽ አካላት መታየታቸው አስገረመው፤ በዚያ ስፍራ የነበረ አንድ ፕላኔት ፈንድቶ ስብርባሪዎቹ የቀሩ መሆን አለባቸው ሲልም ገመተ።

የግምቱ ጥንካሬ ሊፈተን መቻሉ ነው። ስብርባሪዎቹ ከአንድ ቦታ ከተነሡ፣ ምህዋራቸው የቱንም ያህል ቢለያይ በየዙሩ በዚያው በተሰበሩበት ቦታና በተቃራኒው አቅጣጫ ማለፋቸው አይቀርም። ኦልበርስ እነዚህ ሁለት ስፍራዎች ቪርጎና ሴተስ በተባሉት የኮከብ ስብስቦች ውስጥ ናቸው ብሎ ያለማቋረጥ ይቃኛቸው ጀመር። ሦስተኛዋ አስትሮይድ ጁኖ በ1804 ከሴተስ ብዙም ሳትርቅ በካርል ሃርዲንግ መገኘቷ እምነቱን አጠነከረው። ማርች 29 ቀን 1807 ደግሞ ቬስታን ቪርጎ ውስጥ አገኛት።

መላምቱ ግን ትክክል አልነበረም። የቀበቶው አካላት በሙሉ ቢደመሩ ከጨረቃ ክብደት 4 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ በዚያ ስፍራ ፕላኔት እንዳይሠራ ያደረገው የጁፒተር ስበት ነው። እንግዲህ ቬስታን ያስገኛት ትዕግሥት እንጂ ሐሳቡ አይደለም ማለት ይቻላል።

ኦልበርስ ስም የማውጣቱን ክብር ለሒሳብ ሊቁ ለካርል ፍሬድሪሽ ጋውስ ሰጠ። ጋውስ ቀደም ሲል የጠፋችውን ሴሬስን በስሌት መልሶ ያስገኘ ሰው ነው፤ የቬስታንም ምህዋር በሰዓታት ውስጥ አሰላው። የመረጠው ስም የሮማውያን የምድጃና የቤት አምላክ ስም ነበር። በኋላም በገጽታዋ ላይ ያሉ ጉድጓዶች በቬስታ ቤተ መቅደስ ደናግልና በታወቁ ሮማውያን ሴቶች ስም እንዲጠሩ ተደረገ። ከቬስታ በኋላ ቀጣዩ አስትሮይድ እስኪገኝ 38 ዓመት ፈጅቷል።

ቬስታ ከፀሐይ በአማካይ 2.36 የሥነ ፈለክ አሃድ ትርቃለች፤ አንዱ አሃድ የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት ነው። ስትቀርብ 2.15፣ ስትርቅ 2.57 ይደርሳል። አንድ ዙር ለመጨረስ 3.63 ዓመት ይፈጅባታል፤ የምህዋሯ ጠለል ከምድር ምህዋር ጠለል 7 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በራሷ ዛቢያ ላይ ለመሽከርከር የሚበቃት 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው።

የምህዋሯ አቀማመጥ ለእኛም ትርጉም አለው። በ2.5 አሃድ ርቀት ላይ የሚገኝ አካል ጁፒተር አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት ጊዜ ስለሚዞር፣ የጁፒተር ስበት በተደጋጋሚ እየጎተተ ምህዋሩን ያዛባዋል። ከቬስታ የተፈነጠሩ ቁርጥራጮች ወደዚህ ቀጣና ሲገቡ አንዳንዶቹ ወደ ምድር ይመጣሉ። በ1970 የቬስታ ብርሃን ሲተነተን ከአንድ የሜትሮራይት (ከጠፈር ምድር ላይ የወደቀ ዐለት) ዓይነት ጋር መመሳሰሉ ታየ። ከ2011 እስከ 2012 የዞራት የናሳ መንኮራኩር ዶውን ደግሞ ቁርጥራጮቹ የመጡበትን ጠባሳ በቅርበት አሳየ፤ ሬያሲልቪያ የተባለው ይህ የደቡብ ዋልታ ጉድጓድ ስፋቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቬስታን ስፋት ሊያክል ምንም አልቀረው።