«መጀመሪያ ትምህርቱን!»፦ ልጆቻችን መሣሪያ ሲማሩ ጅማ ላይ የምንሰማው እና እውነታው

ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ተወለደ። ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ደረታችንን እንነፋለን። የገዛ ልጃችን «ክራር ልማር» ወይም «ኪቦርድ ግዙልኝ» ያለ ቀን ግን ነገሩ ይቀየራል። «መጀመሪያ ትምህርትህን!» እንላለን።

እኔ ጅማ ውስጥ ልጆችን ክራር እና ኪቦርድ አስተምራለሁ። ከልጆቹ ይልቅ ከወላጆቻቸው ጋር የማወራው ይበዛል። ግማሹ ሙዚቃን እንደ አደጋ ይፈራል፤ ግማሹ ደግሞ ልጁን ሊቅ የሚያደርግ ተአምር ይጠብቃል። በሁለቱም መንገድ ልጁ ላይ የሚጫነው ከመሣሪያው ይከብዳል። ደጋግመው ከሚመጡት አንዳንዶቹን እዚህ ላንሳ።

«ሙዚቃ ከጀመረ ትምህርቱን ይረሳል»

እስቲ ሰዓቱን እናስላው። ጀማሪ ልጅ በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ቢለማመድ ሳምንቱን ሙሉ የሚወስድበት 100 ደቂቃ ነው። አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ከነእረፍቱ ከዚህ ይበልጣል። በፈረቃ የሚማር ልጅማ የቀኑን ግማሽ ቤት ነው። ያንን ሰዓት የሚበላው ምን እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ ክራር አይደለም፣ ስልክ ነው።

በዚህ ፍርሃት ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ አስጠኚ ከጠበቀው፣ ከዚያ ቂርአት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ካለበት፣ በዚያው ቀን ላይ ሙዚቃ ሲጨመር ይደክመዋል። ጥፋቱ ግን የሙዚቃው አይደለም፣ ሁሉንም አንድ ቀን ላይ መቆለል ነው።

ለልምምድ አዲስ ሰዓት ከመፈለግ ይልቅ ቤት ውስጥ ቀድሞ ያለ ነገር ላይ ማስጠጋት ይሻላል። ጅማ ላይ ለዚህ ከቡና የተሻለ የለም። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ አቦል እስኪቀርብ ያለው ጊዜ ለአንድ ጀማሪ ልክ ነው። እናት እዚያው ናት፤ ጎረቤትም አይጠፋም። ልጁ ሳይታወቀው ሰው ፊት መጫወት ይለምዳል። ሰዓት እየጠሩ «ተነስ ተለማመድ!» ማለትም ይቀራል።

የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብስ? ብዙ ወላጅ መሣሪያውን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል። እኔ የምመክረው ወደ 10 ደቂቃ ዝቅ ማድረጉን ነው። ለወራት ሙሉ በሙሉ ያቆመ ልጅ ሲመለስ ጣቱም ፍላጎቱም ዝጎ ይጠብቀዋል። ጊታር የሚማር ከሆነ ደግሞ የጣቱ ጫፍ እንደገና ለስልሶ ክሩ እንደ አዲስ ያመዋል። ብዙዎቹ የሚቀሩት በፈተናው ሰሞን ሳይሆን ከፈተናው በኋላ እንደገና ለመጀመር ሲሞክሩ ነው።

«ሙዚቃ የሒሳብ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ነው። እንዲህ ብለው ልጅ የሚያስመዘግቡ አሉ፤ አንዳንድ አስተማሪም ገበያ ለመሳብ ይህንኑ ይነግራቸዋል።

ወሬውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አንድ አጭር ጥናት ነው። የተጠኑት ሕፃናት አልነበሩም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። 10 ደቂቃ የሞዛርት ሙዚቃ ሰሙ። ከዚያ ቅርጾችን በሐሳብ የማጣጠፍ ፈተና ላይ ትንሽ የተሻለ ሠሩ። ውጤቱም ሩብ ሰዓት ያህል እንኳን በቅጡ አልቆየም። መሣሪያ የነካ ሰው አልነበረም፤ ሒሳብም አልተፈተኑም። ጋዜጦች ተቀባበሉትና «ሞዛርት ሕፃናትን ብልህ ያደርጋል» ሆኖ ዓለምን ዞረ።

መሣሪያ በሚማሩ ልጆች ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትንታኔ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ ተመልክቷል። በጥናቶቹ ውስጥ 7000 ገደማ ልጆች ነበሩ። ንጽጽሩ በጥንቃቄ በተሠራባቸው ጥናቶች ላይ ሙዚቃ ለትምህርት ውጤት የጨመረው ነገር ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ልጃችሁ ሒሳብ ከደከመ የሒሳብ አስጠኚ ፈልጉለት። ክራር የሚሰጠው ክራር መጫወትን ነው። ለእኔ ይህ በቂ ነው፤ ለልጁም በቂ ነው።

«ድምፁ አያምርም፣ ተሰጥኦ የለውም»

ድምፅ እና መሣሪያ ለየቅል ናቸው። ሲዘፍን ጎረቤት የሚያስለቅስ ልጅ ኪቦርድ ላይ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ዜማን ከዜማ መለየት በተፈጥሮ የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ፤ ግን ከ100 ሰው ጥቂት ናቸው። የእናንተ ልጅ ከእነሱ መካከል የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው። ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ሲጀምር በዜማው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ጆሮው ደህና ነው።

ክራር የሚማሩ ልጆች ወላጆች ደግሞ አንድ ቅሬታ አላቸው። «ሲለማመድ ስሰማው ክሩን ብቻ ነው የሚያጠብቀው፤ የሚጫወተው መቼ ነው?» ይሉኛል። እሱ ነው እኮ ትምህርቱ! ክራር ብዙ ጊዜ 6 ክር አለው። ቅኝቱ ባለ 5 ድምፅ ነው፤ 6ኛው ክር የመጀመሪያውን ድምፅ በቀጭኑ ይደግመዋል። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ሲሻገር አንዳንዱ ክር መጥበቅ ወይም መላላት አለበት። ልጁ ያንን ልዩነት በጆሮው አድኖ ማግኘት አለበት። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። ከወራት በኋላ እያወራ ይቃኘዋል። ተሰጥኦ የምንለው ነገር ብዙው እንዲህ ነው የሚሠራው። «ቶሎ በል» እያላችሁ አታቋርጡት፤ በስልክ መቃኛም አትተኩበት።

«በ5 ዓመቱ ካልጀመረ አለፈው»

ወደ ሙላቱ እንመለስ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የላኩት ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሙዚቃን ከምሩ የያዘው እዚያ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ነው። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ ቀጥሎ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ደረሰ። በርክሊ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው ይባላል። (ይህን ታሪክ ስነግራቸው «ያው የፈራነው ነው እኮ!» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ለእነሱ መልስ የለኝም።)

የ12 ዓመት ልጅ የ6 ዓመቱ በዓመት የሚማረውን በጥቂት ወራት ሊይዝ ይችላል። ማንበብ ይችላል፤ ትእዛዝ ይገባዋል፤ እጁም ለመሣሪያው ይደርሳል። ትንሽ ልጅ ሲሆን ዋናው ነገር የመሣሪያው መጠን ነው። የአዋቂ ጊታር ለ7 ዓመት ልጅ ቅጣት ነው። ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ መጠን ያለው ከናይለን ክር ጋር ፈልጉለት።

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ምን እረዳዋለሁ?»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። በዚህ ምክንያት ወላጅ ከፍሎ፣ ልጁን በባጃጅ ልኮ ዞር ይላል።

የጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር የሺኒቺ ሱዙኪ በዓለም የተስፋፋ ዘዴ ወላጅ ትምህርቱ ላይ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ወላጁ ከልጁ ቀድሞ ትንሽ መሠረታዊ ነገር ይማራል። እናትየዋ ሙዚቀኛ እንድትሆን አይደለም። አስተማሪ ልጁን የሚያየው በሳምንት አንዴ ነው፤ የቀረውን ቀን ሁሉ አብሮት ያለው የቤት ሰው ነው።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ መቀመጥ። 10 ደቂቃ፣ ስልክ ሳይያዝ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ፦ «ዛሬ ያስቸገረህ የቱ ጋ ነው? እስቲ እሱን ብቻ አሰማኝ።» ይህ ጥያቄ የሙዚቃ እውቀት አይፈልግም፤ የልምምዱን መልክ ግን ይቀይረዋል። ብቻውን የተተወ ልጅ የሚችለውን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምስቴ ይጫወትና «ተለማመድኩ» ይላል። ያስቸገረው ቦታ እንዳለ ይቀራል።

አስተማሪውን ደግሞ «በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ ልብ የምለው አንድ ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ብቻ። «ትከሻውን እንዳይሰቅል» ሊላችሁ ይችላል። እሱን ማየት ማንም ይችላል። አልፎ አልፎ በስልክ ቅረጹት፤ ከወር በፊት የተቀረጸውን መልሶ ሲሰማ መሻሻሉን ያለ እናንተ ምስክርነት ያውቀዋል።

ልጁን ግን እንግዳ ፊት በግድ አታቁሙ። «ና እስቲ ለጋሽ እገሌ አንዷን ተጫወትላቸው!» የሚባለው ነገር ስንት ልጅ አስመርሯል። ለምኖ ከተጫወተ ደስ ይላል። ታዞ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ሜዳ ነው የምታገኙት። ከታላቅ እህቱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርም እንዲሁ ነው።

«ከወደደው ራሱ ይለማመዳል»

አይለማመድም። አዋቂም የሚወደውን ነገር ሳያስታውሱት ይተዋል። ማስታወስ ማስገደድ አይደለም። ጥርስህን ታጠብ እንደምትሉት በተመሳሳይ ድምፅ በሉት። በሳምንት አንዴ ቅዳሜ ለ2 ሰዓት ከማስቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ እጅግ ይሻላል።

«መጀመሪያ የሚረባ መሣሪያ ይገዛለት»

ወይ ውድ ተገዝቶ ልጁ እንዳይነካው ይሸፈናል፤ ወይ መጫወቻ ተገዝቶ «ይልመድበት» ይባላል። ሁለቱም አይሆንም። ለኪቦርድ 61 ቁልፍ ያለው፣ ቁልፎቹ መደበኛ ስፋት ያላቸው፣ ጠንከር አድርገው ሲነኩት ድምፁ ከፍ፣ ቀስ ሲሉ ዝቅ የሚል ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይበቃል። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው ብላችሁ አትጨነቁ። በባትሪም የሚሠራ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ልምምድ አይቀርም።

ክራር እና መሰንቆ ለምትገዙ ደግሞ የጅማን ዝናብ አትርሱ። ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይላላል፤ ድምፁ ይሞታል። ልጁ «ተበላሸ» ይላችኋል፤ አልተበላሸም። ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ ደረቅ ቦታ ስቀሉት። እንዲደርቅ ብላችሁ ምድጃ አጠገብ ግን አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። መሰንቆ ላይ ድምፅ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ችግሩ የደጋኑ የፈረስ ጭራ ሙጫ ማጣቱ ነው።

«ሙዚቀኛ ሆኖ መጠጥ ቤት ይቀራል»

በሹክሹክታ ነው የሚነገረኝ፤ ግን ከሁሉም ፍርሃት ሥር ያለው እሱ ነው። አዝማሪን እያጨበጨብን የምንንቅ ሕዝብ ነን፤ ቁጭ ብለን ልናስብበት ይገባል። ለማንኛውም፣ መሣሪያ ከሚማሩ ልጆች አብዛኞቹ ሙዚቀኛ አይሆኑም። ነርስ፣ ነጋዴ፣ መምህር ይሆናሉ፤ ማታ ቤታቸው ገብተው ይጫወታሉ።

ከእምነት አንፃር ቤተሰቡ የሚያምንበት አለው፤ እኔ እዚያ አልገባም። ማስታወስ የምፈልገው መሣሪያ ሁሉ መጠጥ ቤት እንደማይኖር ነው። በገና 10 አውታር ይዞ በጾም ሰሞን ምስጋና ያደርሳል። ከበሮ ቤተ ክርስቲያን አለ። ድቤ በመንዙማ አለ። በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ኳየሮች ውስጥ ኪቦርድና ጊታር የለመደ ልጅ ስንት ነው! ከቤታችሁ ጋር የሚስማማውን መምረጥ የእናንተ ነው።

«ለሴት ልጅ አይሆንም» የሚሉም አሉ። አስናቀች ወርቁን በክራር፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በፒያኖ ሰምቶ ይህን የሚደግም ሰው አላጋጠመኝም።

«ዩቲዩብ እያለ አስተማሪ ምን ይሠራል?»

ዩቲዩብ ያሳያል እንጂ አያይም። የልጁ የእጅ አንጓ መታጠፉን አይነግረውም። አስተማሪ በየሳምንቱ መክፈል ከከበደ በየ15 ቀኑ አድርጉት፤ በመሃል ዩቲዩቡ ያግዛል።

«ካቆመ ገንዘቡ ባከነ»

ልጅ ያቆማል። አንዳንዱ ስለሰለቸው፣ አንዳንዱ መሣሪያው ስላልተስማማው። ኪቦርድ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ዋሽንት ሲሰጡት ሲነቃ አይቻለሁ። ስለዚህ «አቆማለሁ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ሙዚቃውን ነው የጠላኸው ወይስ ይህን መሣሪያ፣ ወይስ አስተማሪውን የሚለው ነው። (አስተማሪው እኔ ብሆንም ጠይቁት።)

አንድ ደንብ ግን ቀድማችሁ ተስማሙ፦ ማቆም የሚቻለው ሴሚስተር ሲያልቅ ነው፤ በተናደደበት ቀን አይደለም። ሴሚስተሩ አልቆም ሐሳቡ ያው ከሆነ ይቁም። ኪቦርዱንም ለመሸጥ አትቸኩሉ፤ ታናሽ ካለው በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ይቀመጥበታል።