የሌንስ መከላከያ ፊልተር ምንድን ነው? የወፍ ፎቶንስ ምን ያደርገዋል?

መከላከያ ፊልተር በሌንሱ አፍ ላይ ተጠምዝዞ የሚገጠም ቀጭን ጠፍጣፋ መስታወት ነው። ሥራው የሌንሱን የፊት መስታወት ከአቧራ፣ ከጭረትና ከውሃ ፍንጣቂ መጠበቅ ነው። ብዙውን ጊዜ «ዩቪ» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ይህም ከፊልም ዘመን የተረፈ ስም ነው። ፊልም ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይቀበል ስለነበር በሩቅ ተራራ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ያመጣ ነበር፤ ፊልተሩ ያንን ይቀንሳል። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ግን ከፊቱ የራሱ ማጣሪያ ስላለው፣ ዛሬ «ዩቪ»ውም «ፕሮቴክተር» የሚባለውም የሚሰጡን አገልግሎት ያው ጥበቃ ነው።

በሰፊ ሌንስ መልክዓ ምድር የሚያነሳ ሰው ይህ መስታወት ኖረም አልኖረ በጥራቱ ላይ ልዩነት ላያይ ይችላል። ወፍ የሚያነሳ ሰው ግን ያያል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 (ማለትም የብርሃኑ መግቢያ ስፋት 24 ለ8 ሲካፈል የሚገኘው ሲሆን) ሲነሳ፣ እያንዳንዱን የምስሉን ነጥብ የሚፈጥረው ብርሃን ፊልተሩን የሚያቋርጠው 3 ሚሊሜትር በምታህል ቦታ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ መስታወቱ ትንሽ ቢወላገድም ጉዳቱ አይታይም። በ400 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 5.6 ሲሆን ግን ያ ስፋት ወደ 71 ሚሊሜትር ያድጋል፤ የአንዲት ላባ ጫፍ እንኳ የምትሳለው ከሞላ ጎደል መላውን ፊልተር አቋርጦ በሚመጣ ብርሃን ነው። መስታወቱ በዓይን የማይለይ ሞገድ ቢኖረው ጨረሮቹ አንድ ነጥብ ላይ በትክክል አይገናኙም። ስለዚህ ለአጭር ሌንስ ምንም የማይወጣለት ርካሽ ፊልተር ረጅሙን ሌንስ ሊያበላሸው ይችላል።

ብልሽቱ መጀመሪያ የሚታየው በላባው ላይ ነው። በደረቱ ላይ አንድ በአንድ ሊቆጠሩ የሚገባቸው የላባ ክሮች ተዋህደው ለስላሳ ቀለም ይሆናሉ፤ የዓይኑ ጠርዝም ስል አይሆንም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፎከሱን ወይም የእጁን መንቀጥቀጥ ይወቅሳል። ከወፉ ጀርባ ያለው ደብዛዛ ዳራም ይረበሻል፦ ቀንበጦችና የሣር አገዳዎች ረጋ ብለው ከመደብዘዝ ይልቅ ጥንድ መስመር ይዘው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ዳራ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፊልተሩን ነው።

ሌላው ጉዳት ነጸብራቅ ነው። ምንም ልባስ (ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን) የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ሁለት ገጽ ስላለው ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። ጥሩ ብዙ ድርብ ልባስ ያለው ፊልተር ይህን እጅግ ይቀንሰዋል። የሚያሳስበው የብርሃኑ ማነስ አይደለም፤ የተመለሰው ብርሃን የሚሄድበት ቦታ ነው። ከሴንሰሩ የተመለሰ ብርሃን ጠፍጣፋውን ፊልተር መትቶ እንደገና ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ፀሐይ የሚያንጸባርቅበት ውሃ ላይ የቆመ ወፍ አካባቢ የብርሃን ጭጋግ ይፈጥራል፤ ጥቁሩ ላባም ግራጫ ይሆናል። ኒኮን በአንዳንድ ትልልቅ ቴሌፎቶዎቹ (ሩቁን የሚያቀርቡ ረጃጅም ሌንሶቹ) ላይ ጠፍጣፋ መስታወት ሳይሆን በመጠኑ የጎበጠ መከላከያ መስታወት ያደረገው ይህን ዓይነቱን ነጸብራቅ ለመቀነስ ነው። በ600 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ላይ የብርሃኑ መግቢያ 150 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ የፊት ፊልተር መግጠም የተለመደ አይደለም፤ ፊልተር ካስፈለገ ከሌንሱ ጀርባ በኩል ባለ ማስገቢያ ትንሹ ይገባል።

ታዲያ ጥበቃውስ? ከምት የሚያድነው በዋናነት ሁድ፣ ማለትም በሌንሱ አፍ ዙሪያ የሚገጠመው ከለላ ነው። ቅርንጫፍ ሲገፋን፣ ሌንሱ ድንጋይ ሲነካ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃንንም ስለሚከለክል ምስሉን ያሻሽላል እንጂ አይጎዳውም። ቀጭኑ ፊልተር ግን በቀላሉ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም የፊት መስታወቱን ሊጭር ይችላል። በፊት መስታወት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ደግሞ ከብርሃን ፊት ለፊት ካልተነሳ በስተቀር በምስሉ ላይ አትታይም።

ፊልተሩን የምደግፈው የባሕር ጨው በሚረጭበት፣ አሸዋ በሚነፍስበትና ሌንሱ ደጋግሞ በሚጠረግበት ቦታ ነው። በዚያ ጊዜም ጥሩውን መምረጥና አስጊውን ቦታ ስናልፍ ማውለቅ ይገባል።

የያዛችሁት ፊልተር እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ካሜራውን በጠንካራ ትሪፖድ ላይ አቁሙ፤ ሌንሱን ወደ ረጅሙ ጫፍ ስቡ፤ ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት ነገር ላይ በሙሉ ክፍት ቀዳዳ በራስ ማንሻ (ሰዓት ቆጥሮ በራሱ በሚያነሳው) አንሱ። ከመሬት የሚነሳ የሙቀት ሞገድ እንዳያታልላችሁ በማለዳ ይሁን። ከዚያ ፊልተሩን አውልቃችሁ፣ ፎከሱን እንደገና አስተካክላችሁ ድገሙ፤ ሁለቱንም በ100 በመቶ አጉልታችሁ አስተያዩ። ቀጥሎ ብርሃን ወደ እናንተ በሚመጣበት አቅጣጫ ያው ይደገም፤ ምክንያቱም በለሰለሰ ብርሃን ንጹህ የሚመስል ፊልተር በፀሐይ ፊት ሌላ ሊሆን ይችላል።