ዋፉ ፓስታ ምንድን ነው? በጎጃም ጓዳስ እንዴት ይሠራል?

ዋፉ ፓስታ የጣሊያን ፓስታ በጃፓን ማጣፈጫ የሚሠራበት የቤት ምግብ ነው። ስፓጌቲው ያው የምናውቀው ስፓጌቲ ነው፤ የሚለየው ማባያው ነው። በቲማቲም ሱጎ ፈንታ ሶያ ሶስ፣ እንጉዳይ፣ የአሳ መረቅ፣ የባሕር አረም ወይም የአሳ እንቁላል ይገባል። እኛ ፓስታን ከበርበሬና ከአዋዜ ጋር እንዳለማመድነው፣ ጃፓኖችም ከራሳቸው ጓዳ ጋር አለማመዱት። ዛሬ እዚያ አገር ይህ ምግብ ለምሳ ተብሎ በሩብ ሰዓት ቤት ውስጥ የሚሠራ ተራ ነገር ነው።

ለዚህ ምግብ መስፋፋት ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1953 ቶኪዮ ውስጥ የተከፈተው ካቤ ኖ አና የተባለ ምግብ ቤት ነው። በ1960ዎቹ አንድ ደንበኛ ካቪያር ይዞ መጥቶ ከስፓጌቲ ጋር እንዲሠራለት ጠየቀ። ጣዕሙ ተወደደ፤ ካቪያር ግን ውድ ስለሆነ ቤቱ ከኮድ ወገን በሆነ አሳ እንቁላል ተካው። ናፖሊታን የሚባለው በካቻፕ የሚጠበሰው ስፓጌቲ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዮኮሃማ ከሚገኘው ኒው ግራንድ ሆቴልና ከሼፉ ከሺጌታዳ ኢሪዬ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

የጣሊያንና የጃፓን ማእድ ቤቶች እንዲህ የተስማሙት በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም ግሉታሜት የሚባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ጣዕሙንም ኡማሚ አለው። ከጣፋጭ፣ ከጎምዛዛ፣ ከመራራና ከጨዋማ ውጪ ያለው፣ ጥሩ መረቅ ሲቀመስ ምላስ ላይ የሚቆየው ጣዕም ነው። በ1913 ተማሪው ሺንታሮ ኮዳማ ከደረቅ የቦኒቶ አሳ ኢኖሲኔት የሚባለውን አገኘ። ቆይቶም አኪራ ኩኒናካ በደረቅ እንጉዳይ ውስጥ ያለውን ጓኒሌት አጥንቶ፣ ግሉታሜት ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ከድምሩ በላይ ብዙ እጥፍ እንደሚጎላ አሳየ። ሶያ ሶስ፣ ቲማቲምና የቆየ የፓርሚጃኖ አይብ በግሉታሜት በኩል ናቸው። አሳ፣ ሥጋና ደረቅ እንጉዳይ በሌላው በኩል። ጣሊያኖች ቲማቲምን ከአንቾቪ አሳ፣ ጃፓኖች ኮምቡን ከቦኒቶ ያገናኙት ሁለቱም ይህንኑ በልምድ አግኝተውት ነው።

ለጓዳችን ትርጉሙ ይህ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ከየወገኑ ቢያንስ አንድ መኖር አለበት። ሶያ ሶስ ብቻውን ፓስታ ላይ ከፈሰሰ ጨዋማ ይሆናል እንጂ አይጥምም። ብዙ ሰው ሞክሮ "የቻይና ነገር አይስማማኝም" ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሶያ ሶሱ ራሱ አንድ ነገር። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ይገኛል፤ ቀጠን ብሎ ጨው የሚበዛበትና ጠቆር፣ ወፈር ብሎ ካራሜል የተጨመረበት። ጥቁሩ ፓስታውን ያጠቁረዋል እንጂ አያጣፍጠውም፤ ቀጭኑን ያዙ። ጠርሙሱ ላይ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጨውና ውሃ ብቻ ከተጻፈ በእርሾ ለወራት የተብላላ ነው፤ ለዚህ ምግብ የሚሻለው እሱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ2.5 እስከ 3 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። ስለዚህ የፓስታው ውሃ እንደ ጣሊያኖቹ በሊትር 10 ግራም ጨው አይፈልግም፤ 6 ግራም፣ ማለትም አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ሊትር ይበቃል።

አሁን ወደ ውሃው። እዚህ ላይ ረዘም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ጎጃም ውስጥ ፓስታ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሱጎው ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በየ300 ሜትር ከፍታው የውሃ መፍያ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ 94፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። እሽጉ ላይ የተጻፈው 9 ደቂቃ ግን በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውሃ ነው። ባሕር ዳር ሁለት፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ሦስት ደቂቃ ያህል ይጨመራል። ሰዓቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከ9ኛው ደቂቃ ጀምሮ አንድ ዘለላ አውጥታችሁ ንከሱት። ቁርጡ መሃል ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ስትቀር ለመውጣት ደርሷል፤ ቀሪውን መጥበሻው ላይ ይጨርሳል።

ቤት ውስጥ የተለመዱ ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይቀራሉ። አንደኛው የሚፈላው ውሃ ላይ ዘይት መጨመር ነው። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፍና ስታጠሉት ፓስታውን ይቀባዋል፤ ከዚያ በኋላ ሶሱ አይዘውም፣ ሳህኑ ግርጌ ይጠራቀማል። ሁለተኛው የተቀቀለውን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው። የሚታጠበው ስታርች ነው፤ ሶሱን ከፓስታው ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። እንዳይጣበቅ መጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ላይ ደጋግሞ ማማሰል ብቻ በቂ ነው።

ከማጥለላችሁ በፊት ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ያ ደፍረስ ያለ ውሃ የዚህ ምግብ ግማሹ ነው። ዘይት ወይም ቅቤ ከሱ ጋር ሲማሰል ተለያይቶ አይቀርም፤ ወፈር፣ ነጣ ብሎ ዘለላውን ያለብሰዋል። ፓስታ ስትገዙ ቀለሙን እዩ። ወደ ቢጫ የሚያደላው ከዱረም ስንዴ የተሠራው ሳይፈርስ ይበስላል። ነጣ ያለውና ከተራ የዳቦ ስንዴ የተሠራው ቶሎ ይልማል፤ ውሃውንም በጣም ያደፈርሰዋል፤ ስለዚህ ከሱ ውሃ አንድ ሲኒ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ሙጫ ይሆናል።

መነሻው ዋፉ ፓስታ የእንጉዳይ ነው፤ ለጾምም ይሆናል። ለሁለት ሰው 200 ግራም ስፓጌቲ፣ ማለትም የ500 ግራሙ እሽግ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ 200 ግራም እንጉዳይ፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት በቀጭኑ የተቆረጠ፣ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቃሪያ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር። ማሩ ሚሪን የሚባለውን የጃፓን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ይተካል፤ የጎጃም ነጭ ማር ለስላሳ ስለሆነ ሶያ ሶሱን ሳይጋፋ ጨውን ያለዝባል። ዘይቱ ሽታ የሌለው ይሁን። የኑግ ዘይት ለወጥ ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን የራሱ መዓዛ ሁሉን ይሸፍናል።

እንጉዳዩ በገበያ የሚሸጠው ተመርቶ የመጣው ይሁን፤ በክረምት ሜዳ ላይ የበቀለ፣ በእርግጠኝነት የማታውቁት እንጉዳይ ድስት ውስጥ አይግባ። በእጅ በረጅሙ ሰንጥቁት። መጥበሻው በደንብ ግሎ ዘይቱ ከገባ በኋላ እንጉዳዩ በአንድ ንጣፍ ይዘርጋ፤ ካልበቃ ሁለት ጊዜ ጥበሱ። ከተደራረበ ውሃውን ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨውም ገና አይነካውም፤ ጨው ውሃውን ያስወጣዋል። ሳትነኩት ሁለት ደቂቃ ይቆይ፤ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ገልብጡት። ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው ይገባሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ከመሆን ካለፈ ይመርራል፤ በከሰል የምትሠሩ ከሆነ እሳት መቀነስ ስለማይቻል መጥበሻውን አንስታችሁ አሳርፉት።

ሶያ ሶሱን መሃል ላይ ሳይሆን በመጥበሻው ዳር ዳር አፍስሱት። ትኩሱን ብረት ሲነካ ጭስ ብሎ የተጠበሰ መዓዛ ያወጣል። አምስት ሴኮንድ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያው አንድ ሲኒ ተኩል የፓስታ ውሃና ማሩ ይከተሉት። ብቻውን ከቆየ ስኳሩ ያርርና ምሬቱ አይወጣም። ፓስታውን ጨምራችሁ በኃይል እያገላበጣችሁ አንድ ደቂቃ ተኩል አብስሉት። መጥበሻውን ስታጋድሉት ሶሱ እንደ ውሃ የማይሮጥ፣ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ ደርሷል። ደረቅ ከሆነ ከቀረው ውሃ ጠብ አድርጉ። ከላይ በደረቅ መጥበሻ እስኪፈነጣጠር የታመሰና ግማሹ የተወቀጠ ሰሊጥ ይበተንበታል፤ የሰሊጡ መዓዛ ከሶያ ሶስ ጋር በጣም ይስማማል።

ጣዕሙን ማጠንከር ለሚፈልግ፣ እንጉዳዩን ሰንጥቆ ፀሐይ ላይ እስኪኮሸኮሽ ማድረቅ ነው። 10 ግራም ደረቅ እንጉዳይ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አድሮ፣ ውሃው ከፓስታው ውሃ ግማሹን ይተካል። አሸዋ ከሥር ስለሚዘቅጥ የመጨረሻዋን ጉንጭ አትጨምሩ።

በፍስክ ቀን፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ ይጨመራል። የተነጠረ ቅቤ አይሆንም፤ ኮረሪማውና በሶብላው ሌላ ምግብ ያደርጉታል። ከዚህም በላይ ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ክፍል ስለወጣለት ከሶሱ ጋር አይዋሃድም፣ ዘይት ሆኖ ይንሳፈፋል።

ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሰው የአሳው ይበልጣል። ቀረሶ ስትገዙ ፊሌቶውን ካስወጣችሁ በኋላ ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ። ስንጥቡን ነቅላችሁ ጣሉ፣ መረቁን የሚያመርረው እሱ ነው። አጥንቱን በደንብ አጥባችሁ በሦስት ብርጭቆ ውሃና በአንድ ቁራጭ ዝንጅብል ለ20 ደቂቃ በትንሽ እሳት አብስሉ። በኃይል ከተንተከተከ ይደፈርሳል፤ ብዙ ከቆየ የአሳ ሽታው ይከብዳል። ጃፓኖች ዳሺ የሚሉትን መረቅ ቦታ የሚይዘው ይህ ነው። ፊሌቶውን ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቆርጣችሁ ጥቂት ጨው ነስንሱ፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ የሚወጣውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ሽታው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ሲጠበስም አይጣበቅም። በየጎኑ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጠብሳችሁ አውጡት። በዚያው መጥበሻ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ሁለት ሲኒ መረቁንና አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ጨምሩ፤ ፓስታው ጠጥቶት ሲጨርስ አሳው ይመለሳል። ጃፓን ውስጥ ጥሬ አሳ ይበላል ብሎ የጣናውን በጥሬው መሞከር አይገባም፤ የሐይቅ አሳ ሰውን የሚያጠቁ ትሎች ሊኖሩበት ይችላል።

ለአሳው ዋሳቢ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ሰናፍጭ አለ። ዋሳቢንም ሰናፍጭንም አፍንጫ ላይ የሚያወጣቸው ዓይነተኛ ንጥረ ነገር አንድ ነው። የሚፈጠረው ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ አድቅቃችሁ በሁለት ማንኪያ ለብ ባለ ውሃ አርሱ፣ ከድናችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። በፈላ ውሃ ከረጠበ የሚያቃጥለውን የሚፈጥረው ኢንዛይም ይሞታል፤ መራራ ብቻ ይሆናል። ሎሚ የሚጨምር ካቃጠለ በኋላ ይጨምር፣ ቀድሞ ከገባ ያዳክመዋል። ፓስታው ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ታማስላላችሁ፤ እሳት ላይ ከተጨመረ ኃይሉ በእንፋሎት ይሄዳል።

ናፖሊታን ቀላል ነው፤ ፓስታው ለስለስ እንዲል የሚፈለግበት ምግብም ነው። ቶሎ የሚልመው ነጭ ፓስታ የተገዛ እንደሆነ ወደዚህ አዙሩት። ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ ጥበሱ፣ ለ200 ግራም ፓስታ አምስት የሾርባ ማንኪያ ካቻፕ ወደ ጎን አድርጋችሁ ለብቻው ሁለት ሦስት ደቂቃ አብስሉት። ቀለሙ ጠቆር ሲል፣ ኮምጣጣው ሽታ ሲጠፋ ነው ፓስታው የሚገባው። ይህ ከተዘለለ ካቻፕ የተቀባ ፓስታ ብቻ ይሆናል። ካቻፕ ከሌለ ሁለት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤና ጥቂት ውሃ ይሠራል። መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ አትርሱ።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ በአንዲት ምድጃና በአንድ ድስት ራሱን ለሚመግብ ተማሪ ደግሞ ማጥለል የሌለበት መንገድ አለ። 100 ግራም ስፓጌቲ ለሁለት ተሰብሮ፣ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና እንጉዳይ አንድ ላይ ይጣዳሉ፤ ጨው የለም። ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ተከድኖ በየሁለት ደቂቃው እየተማሰለ 14 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሶያ ሶሱ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ የሚገባው ውሃው ሊያልቅ ሲል ነው። ከመጀመሪያው ከገባ ውሃው ሲመጥ ጨዉ ይጠነክራል፣ ድስቱም ከሥር ይይዛል። ውሃው አልቆ ፓስታው ገና ጠጣር ከሆነ የሚጨመረው ሙቅ ውሃ በሲኒ ነው፤ ቀዝቃዛው ሙቀቱን ስለሚያቋርጠው ላዩ ልሞ መሃሉ ዱቄት ይቀራል።