ስለ አጫጭር ፋታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሥራ፣ በመንገድና በቤት ጣጣ መካከል የሚገኙት አምስትና አሥር ደቂቃዎች ለጤና ቁም ነገር ይሠራሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ለራሳችን የምንሰጠውን ጊዜ ለእሑድ፣ ለዓመት ፈቃድ ወይም «ነገሩ ረገብ ሲል» ለምንለው ቀን እናስተላልፈዋለን። ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ያሉት አመለካከቶች ሁሉ ከስንፍና የመነጩ አይደሉም፤ የመጀመሪያው እንዲያውም ለዓመታት በባለሙያዎች ሲሰጥ ከቆየ ምክር የተወረሰ ነው።

«ስፖርት ለመሥራት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ከሳምንቱ ድምር ውስጥ እንዲገባ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሠራት አለበት ይል ነበር። በ2020 የወጣው መመሪያ ግን ይህን ገደብ አንሥቶታል። አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ የሚመክረው ሐሳብ እንዳለ ሆኖ፣ ደቂቃዎቹ እየተቆራረጡ ቢጠራቀሙም ይቆጠራሉ።

በ2022 «ኔቸር ሜዲስን» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በዩናይትድ ኪንግደም የሚኖሩና ስፖርት የማይሠሩ ከ25,000 በላይ ሰዎችን የዕለት እንቅስቃሴ በእጃቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ መዝግቦ ለዓመታት ተከታትሏቸዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ያህል፣ በየጊዜው ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ብቻ ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ነገር ያደርጉ የነበሩት፣ ምንም ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ከ38 እስከ 40 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ የታዘበው ዝምድናን ስለሆነ መንሥኤውን በቀጥታ አረጋግጧል ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ቸል የሚባል ልዩነት አይደለም። ሊፍት በሌለው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን አንጠልጥላ ደረጃውን የምትወጣ ሴት «ስፖርት አልሠራም» ትል ይሆናል፤ ልቧ ግን ሠርቷል። ምሬቷ ተገቢ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ይህ ድካም ለሰውነቷ ከንቱ እንዳልሆነ ማወቁም ተገቢ ነው። የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ግን ጠንከር ያለውን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

«10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም»

ቁጥሩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት፣ በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን፣ ከ7,500 በኋላ ግን ልዩነቱ እየጨመረ እንዳልሄደ አሳይቷል። አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ ወርዶ በእግር መሄድ እንግዲህ በከንቱ አይቀርም።

«ስልክ መነካካት እረፍት ነው»

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ያው ነው፤ አንገት ሁሉ ወደ ስልክ አቀርቅሯል፣ ሚኒባስ መጥቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እንኳ እግር የሚራመደው ዓይን ከስልኩ ሳይነሣ ነው። በአሜሪካ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ሙከራ፣ የአእምሮ ሥራቸውን አቋርጠው በስልክ እረፍት የወሰዱ ተማሪዎች በሌላ መንገድ እረፍት ከወሰዱት የባሰ ውጤት አምጥተዋል። ዓይንም ቢሆን ስክሪን ላይ ሲተከል የሚርገበገብበት ጊዜ ስለሚቀንስ ይደርቃል፤ ስለዚህም የዓይን ባለሙያዎች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ያህል ስድስት ሜትር ገደማ ራቅ ወዳለ ነገር መመልከትን ይመክራሉ። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ለዚህ የሚሆን አድማስ አያጣም።

እጃችን ወደ ኪሳችን የሚሮጥበት ምክንያት ግን ቀላል አይደለም። በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በወጣ ሙከራ፣ ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን እንዲቀመጡ ከተደረጉት 18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች ደግሞ 6ቱ፣ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ አዝራር ተጭነው ራሳቸውን በኤሌክትሪክ ማስነዘርን መርጠዋል። ስለዚህ «ስልክህን አስቀምጥ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ በምትኩ አእምሮን የሚይዝ ቀላል ነገር፣ ለምሳሌ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ ያስፈልጋል።

«ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ጊዜ መፍጀት ነው»

በካናዳ የተደረገና በ2014 የታተመ ሙከራ፣ ቡና ሲገዙ ከአስተናጋጁ ጋር ፈገግ ብለው ጥቂት ቃላት የተለዋወጡ ሰዎች፣ ሒሳባቸውን ከፍለው በፍጥነት ከወጡት ይልቅ በተሻለ ስሜት እንደተመለሱ አሳይቷል። ጥበቃውን «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ መልሱን ቆሞ የሚሰማ ሰው፣ ለእሳቸው ክብር ከመስጠቱ ባሻገር ራሱንም ይጠቅማል።

«ትንሽ ሸለብ ካደረጉ የሌሊቱ ጉድለት ይካካሳል»

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በረጅም በረራ አብራሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል መተኛት ንቃትን እንደሚያሻሽል አይቷል። ከግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ግን ከከባድ እንቅልፍ መካከል የሚነቃ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ይፈዛል፤ በተለይ መሪ የሚጨብጥ ሰው ነቅቶ ወዲያው መንዳት የለበትም። ሸለብታው ለቀጣዮቹ ሰዓታት ያግዛል እንጂ፣ አዋቂ ሰው በየሌሊቱ የሚያስፈልገውን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ አይተካም።