«ታይ-ሳክስ» የሚባል ሰው የለም

ዋሽንግተን አካባቢ ማታ ማታ ለነርስ ተማሪዎች ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ የእኛ ሰው ነው። በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ «ታይ-ሳክስ» ብዬ እጽፋለሁ፤ የሕፃናትን አንጎልና ነርቭ አድክሞ የሚገድል በሽታ ስም ነው። ገና ማርከሩን ሳልከድን ከተማሪዎቹ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዶክተር ታይ ሳክስ ማን ነበር?»

ሁለት ሰዎች ናቸው። ዋረን ታይ የለንደን ሐኪም ነው፤ በ1881 የአንድ ሕፃን ዓይን ውስጥ ቀይ ነጥብ አይቶ ጻፈ። በርናርድ ሳክስ የኒው ዮርክ የነርቭ ሐኪም ነው፤ በ1887 የአንዲት ሕፃን አንጎል መርምሮ ጻፈ። አብረው አልሠሩም። ያገናኘቻቸው ሰረዟ ናት።

«ሳክስ ማለት የባንኩ፣ የጎልድማን ሳክሱ?»

ወንድሙ ነው። ሳሙኤል ወደ ገንዘቡ ሄደ፣ በርናርድ ወደ ሕክምናው።

«የፍሮይድ ደቀ መዝሙር ነበር።»

ሁለቱም ቪየና ውስጥ ቴዎዶር ማይነርት የሚባል የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ተምረዋል፤ ዝምድናቸው ይኸው ነው። የፍሮይድ ሥነ ልቦናዊ ትንታኔ ለሳክስ ጨርሶ አልተዋጠለትም።

«ሳክስ መጀመሪያ ተርጓሚ ነበር አሉ፤ ምን ይጠቅመዋል?»

ይቺ ትንሽ ታናድደኛለች። ሳክስ በ1858 ባልቲሞር ተወለደ፣ ሃርቫርድ ተማረ፣ በ1882 ስትራስቡርግ ላይ ሐኪም ሆነ። በ1885 ደግሞ የማይነርትን የአእምሮ ሕመም መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመ። ማይነርት የሚለው፣ የአእምሮን ሕመም ከራሱ ከአንጎሉ ፈልጉት ነው። ቁረጡት፣ ሕዋሱን እዩ። ይህን ቃል በቃል ሲመልስ የከረመ ሰው ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያችን ሕፃን ያገኛት። ስትወለድ ጤነኛ ትመስል ነበር። ወራት ሲያልፉ አንገቷ አልጸና አለ፣ ዓይኗ ማየት ተወ፣ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሞተች። ሳክስ አንጎሏን ሲያይ የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ቅርጻቸው ጠፍቷል። የት ማየት እንዳለበት ያወቀው እዚያ ትርጉም ላይ ተጎንብሶ ነው ባይ ነኝ። በ1895 ደግሞ ስለ ሕፃናት የነርቭ በሽታ አንድ ትልቅ የመማሪያ መጽሐፍ አወጣ።

«ቀዩ ነጥብ ነው በሽታው።»

ተገላቢጦሽ ነው። ጤነኛ ሕዋስ አንድ ዓይነት ስብ እየፈጨ ያስወግዳል። እነዚህ ልጆች ስቡን የሚፈጨው ኢንዛይም (ሕዋሱ የሚሠራው ፈጪ ፕሮቲን) የላቸውም፤ ይህ የታወቀው በ1969 ነው። ስቡ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ይከማቻል። ከዓይን ጀርባ ያሉትም በስብ ሞልተው ይነጣሉ። መሀል ላይ ግን እንዲህ ያሉ ሕዋሳት ስለሌሉ ከሥር ያለው የተለመደው ቀይ ቀለም ይታያል። የታመመው ዙሪያው ነው። ነጥቡማ ደህና ነው።

«የአይሁድ በሽታ ነው፤ እኛን አይመለከትም።»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው።

በመጀመሪያ፣ ስህተቱ የሳክስም ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ ያያቸው ልጆች ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ልጆች ስለነበሩ በሽታውን የእነሱ ብቻ አደረገው። እሱ ራሱም አይሁዳዊ ነው። በእርግጥ በአሽከናዚ፣ ማለትም መሠረታቸው መካከለኛውና ምሥራቅ አውሮፓ በሆነ አይሁዶች መካከል ከ30 ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ ነው፤ ጉድለት ያለበትን ዘረ መል ከአንድ ወላጁ ብቻ ወርሷል ማለት ነው። በሌላው ሕዝብ ግን ከ300 አንዱ ገደማ እንጂ ዜሮ አይደለም። በካናዳ ኩቤክ ፈረንሳዮችና በአሜሪካ ሉዊዚያና ኬጀኖች (እነሱም የፈረንሳይ ዘር ናቸው) ዘንድም በርከት ይላል። አንዲት ተማሪዬ «እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤል ዘመዶቼስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ የበዛው ከአንድ የአውሮፓ አካባቢ በወጣ ሕዝብ ላይ ነው፣ በሃይማኖቱ ሁሉ ላይ አይደለም። ዘረ መል የጸሎት መጽሐፍ አይጠይቅም።

ከዚያ «በዘራችን የለም» ትመጣለች። አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት በሌላ በሽታ፣ ግን በዚሁ ዓይነት አወራረድ፣ ልጅ ቀበሩ። ለቅሶ ቤት ውስጥ የእሱ እናት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ። የእሷ እናት «በእኛም የለም» አሉ። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ተሸካሚ አይታመምም፤ ሰማንያ ዓመት ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ ዕድል ልጁ የሚታመመው። ስለዚህ የሚስት ጥፋት የለም፣ የባልም የለም፣ እርግዝና ላይ መደንገጥም አያመጣውም። ሰባት ቤት መቁጠራችን ብልህነት ነው፤ አንድ ዓይነት ጉድለት ከአንድ አያት እንዳይገናኝ ይረዳል። ግን ባዳ ሁለት ሰዎችም ሊገናኙ ይችላሉ።

በ1971 እዚሁ ባልቲሞርና ዋሽንግተን አካባቢ፣ ሳክስ በተወለደበት ሰፈር ማለት ነው፣ አይሁዶች ተሸካሚ መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ በየምኩራባቸው ተሰልፈው ለምርመራ ደም ሰጡ። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ዘንድ የሚወለዱት ታማሚ ልጆች ከ90 በመቶ በላይ ቀነሱ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚወለዱት ጥቂቶች አብዛኞቹ «አይመለከተንም» ካሉት ቤት ናቸው።

ልትጋቡ ያሰባችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሕፃን የሞተ ካለ፣ ሐኪማችሁን የተሸካሚነት ምርመራ ጠይቁ። አንዱ ብቻ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ለቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ደም ሰጥተናል እኮ» የሚሉኝ አሉ። ያ የኤችአይቪ ነው። ይሄኛውን አያሳይም።